ጨለማ ገንዘብ አይፈጅም፦ የቫል ሉተን አራት ዓመታት

አንዲት ወጣት ሴት በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ጥግ፣ ከድንጋይ ግንብ ሥር፣ በሌሊት ብቻዋን ትሄዳለች። የመንገድ መብራቶቹ ተራርቀው ቆመዋል፤ ከአንዱ ብርሃን ወጥታ ሌላው ዘንድ እስክትደርስ ጨለማ ይውጣታል። ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። የፊተኛይቱ ፈጠን ስትል የኋለኛይቱም ኮቴ ይፈጥናል። ድንገት ያ ኮቴ ይጠፋል። ሴቲቱ ዞር ብላ ታያለች፤ ማንም የለም። መሮጥ ትጀምራለች። ተመልካቹ አንድ ነገር ሊዘልባት ነው ብሎ ትንፋሹን በያዘበት ቅጽበት፣ የአውሬ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ከጎን ይፈነዳል። አውቶቡስ ነው። ፍሬን ይዞ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሴቲቱ ትሳፈራለች።

በ1942 የተሠራው «ካት ፒፕል» ማለትም «የድመት ሰዎች» የተባለው ፊልም ከምንም በላይ የሚታወሰው በዚህ ትዕይንት ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በትዕይንቱ ውስጥ ደም የለም፤ ጭራቅም የለም። ወጪው ቢቆጠር አንድ የግንብ ዲኮር፣ ጥቂት የመንገድ መብራት፣ የሁለት ሴቶች ጫማና አንድ አውቶቡስ ነው። ኤዲተሩ ማርክ ሮብሰን የፍሬኑን ድምፅ ልክ በዚያች ቅጽበት ላይ አስገባው፤ ሰው ከወንበሩ ዘለለ። ከዚያ በኋላ የፊልሙ ሠራተኞች በሌሎች ሥራዎቻቸውም እንዲህ ያለ ማስደንገጫ ባስገቡ ቁጥር «ባስ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ዛሬም ድመት ከቁም ሣጥን ዘልላ በምትወጣበት፣ ወዳጅ ከኋላ መጥቶ ትከሻ በሚይዝበት አስፈሪ ፊልም ሁሉ ውስጥ ያ አውቶቡስ አለ።

የእነዚህ ሠራተኞች አለቃ በሳምንት 250 ዶላር የሚከፈለው ፕሮዲዩሰር ቫል ሉተን ነበር። በአር ኬ ኦ ስቱዲዮ ከ1942 እስከ 1946 በቆየባቸው ዓመታት 11 ፊልሞችን ሠራ። ዘጠኙ አስፈሪ ፊልሞች ናቸው። ሁሉም በርካሽ ዋጋ፣ በጥቂት ቀናት፣ አብዛኞቹም ሌላ ሰው በሰጣቸው ስም ተሠሩ። ከመካከላቸው ቢያንስ አራት አምስቱ ግን በዚያው ዘመን ሚሊዮን ዶላር ከፈጁት ከብዙዎቹ ፊልሞች ይልቅ እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት መጀመሪያ የዚያን ዘመን የሲኒማ ትኬት ማየት ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሰው ራቃቸው። ተመልካቹን ለመመለስ ካመጡት መላ አንዱ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ነበር። ዋናው ፊልም፣ ታዋቂ ተዋንያን ያሉበት፣ «ኤ» ተባለ፤ አጃቢው ደግሞ «ቢ»። ልዩነቱ በአከፋፈሉም ላይ ነበር። ከኤ ፊልም ገቢ ስቱዲዮው በመቶኛ ይካፈላል። ለቢ ፊልም ግን ሲኒማ ቤቱ የሚከፍለው አስቀድሞ የተቆረጠ ኪራይ ነው። ስለዚህ ቢ ፊልም ጥሩ ቢሆንም መጥፎ ቢሆንም የሚያስገባው ያው ነው። ትርፉ የሚገኘው ካልወጣው ገንዘብ ነው።

የዚህ ሒሳብ ውጤት ግልጽ ነበር። ፊልም በሁለትና በሦስት ሳምንት ይቀረጻል፤ ትናንሽ ኩባንያዎች ጋ በአንድ ሳምንትም ያልቃል። ታሪኩ ቀድሞ ከተሠራ ፊልም ተወስዶ ስሙና ቦታው ይቀየራል። ሪፐብሊክ፣ ሞኖግራምና ፒ አር ሲ የተባሉት ትናንሽ ስቱዲዮዎች በዚህ ንግድ ብቻ ይኖሩ ስለነበር ሰፈራቸው «ፖቨርቲ ሮው»፣ የድሆች ረድፍ፣ የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ መንደር ከወጡት ፕሮዲዩሰሮች ሳም ካትስማን ዋነኛው ነው። በሞኖግራም የሰፈር ጎረምሶች ቀልድና የቤላ ሉጎሲ አስፈሪ ፊልሞችን እያከታተለ ሠራ፤ በ1948 ሱፐርማንን በተከታታይ ፊልም አቀረበ፤ በ1956 ደግሞ የሮክ ኤንድ ሮልን ሙቀት ሳይበርድ ይዞ «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ»ን አወጣ። ካትስማን ነጋዴ ነበር፤ ንግዱንም አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሉተን ግን ከዚህ ቤት ሰው አልነበረም። ከልቡ ደራሲ ነበር።

በ1904 በጥቁር ባሕር ዳርቻ በያልታ ሲወለድ የተሰጠው ስም ቭላድሚር ኢቫኖቪች ሌቬንቶን ነው። እናቱ ከባሏ ተለይታ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጀመሪያ ወደ በርሊን፣ ቀጥሎም በ1909 ወደ አሜሪካ ተሻገረች። እዚያ የተቀበለቻቸው እኅቷ አላ ናዚሞቫ ናት፤ በኒውዮርክ መድረክና በድምፅ አልባው ሲኒማ ዘመን ስሟ የገነነ ተዋናይ። ልጁ በእናቱ፣ በአክስቱና በእኅቱ መካከል፣ ተረትና ቲያትር በማይጠፋበት ቤት አደገ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ቢማርም ፈጠራው ከዘገባው ይበልጥበት ነበር። አንድ መኪና ሙሉ ዶሮ በበጋ ሙቀት አለቀ ብሎ የጻፈው ዜና ከራሱ የተፈጠረ መሆኑ ሲታወቅ ከአንድ ትንሽ ጋዜጣ ተባረረ።

ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሁሉ ጻፈ። ግጥም፣ ልብ ወለድ፣ የመጽሔት ታሪክ፣ ለኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ የኒውዮርክ ቢሮም የፊልም ማስታወቂያ። በሐምሌ 1930 «ዊርድ ቴልስ» በተባለው የአስፈሪ ታሪኮች መጽሔት ላይ ስለ አንዲት ግማሽ ሴት ግማሽ ግስላ የሆነች አውሬ የሚያወራ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። ይህ ከ«ካት ፒፕል» 12 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እሱ ራሱ ድመት ይፈራ ነበር። በ1932 የወጣው «ኖ ቤድ ኦቭ ኸር ኦውን»፣ በድቀቱ ዘመን ሥራና መጠጊያ ያጣች ወጣት ሴት ታሪክ፣ ጥሩ ተሸጠለት።

ሆሊውድ የወሰደው ታላቁ ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ኦ ሴልዝኒክ ነው። ሩሲያዊ ስለሆነ የሩሲያውን ልብ ወለድ «ታራስ ቡልባ»ን ለፊልም እንዲያሰናዳ ነበር የተጠራው። ያ ፊልም ቀረ፤ ሉተን ግን የታሪክ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ስምንት ዓመት ገደማ ቆየ። መጻሕፍት ያነባል፣ ሐሳብ ይሰጣል፣ ስክሪፕት ያቃናል፣ ስሙ ግን እምብዛም አይጻፍም። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ፊልም መሆን የለበትም ብሎ አለቃውን የመከረው እሱ ነው። ምክሩ አልተሰማም፤ እሱም መልሶ ለዚያው ፊልም ሲሠራ ነበር። ካሜራው ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣ በአትላንታ ባቡር ጣቢያ የተነጠፉትን ቁስለኞች የሚያሳየው ዝነኛ ትዕይንት የሱ ሐሳብ እንደነበር ይነገራል። በ1935 በወጣው «ኤ ቴል ኦቭ ቱ ሲቲስ» ደግሞ የፈረንሳይ አብዮትን ትዕይንቶች ከአንድ ወጣት ፈረንሳዊ ጋር አብሮ ሠራ። ስሙ ዣክ ቱርነር ነው። ወዳጅነታቸው የተጀመረው ያኔ ነው።

በ1942 አር ኬ ኦ ጭንቅ ላይ ነበር። ኦርሰን ዌልስ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ የፈጀውን «ሲቲዝን ኬን»ን፣ ቀጥሎም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀውን «ዘ ማግኒፊሰንት አምበርሰንስ»ን ሠርቶ ሁለቱም ገንዘባቸውን አልመለሱም። ዌልስን ያመጡት የኩባንያው ፕሬዚዳንት ተነሡ፤ የፊልም ሥራው በቻርልስ ከርነር እጅ ገባ። አዲሱ አመራር ከሊቅነት ይልቅ የትርዒት ብልሃት እንደሚያስቀድም በአደባባይ አወጀ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በ1941 መጨረሻ ባወጣው «ዘ ዎልፍ ማን» ጥሩ ገንዘብ እየሰበሰበ ነበር። ጦርነቱ የፋብሪካ ሥራ አምጥቶ ኪስ ሞልቷል፤ የሌሊት ፈረቃ የጨረሰ ሠራተኛ ሲኒማ ይገባል፤ የሚያስደነግጥ ነገርም ይወዳል። ከርነር አር ኬ ኦም የራሱ የአስፈሪ ፊልም ክፍል እንዲኖረው ወሰነና ሉተንን ቀጠረ።

ሉተን የተቀበላቸው ውሎች ሦስት ነበሩ። እያንዳንዱ ፊልም ከ150 ሺህ ዶላር በታች ይፈጃል። ርዝመቱ ከ75 ደቂቃ አይበልጥም። ርዕሱን ደግሞ የሚሰጠው የስቱዲዮው ቢሮ ነው። ቢሮው በቅድሚያ ስሙን በሰው ላይ ይፈትነዋል፤ የወደዱለትን ስም ይዞ «በል ፊልም ሥራለት» ይለዋል። የመጀመሪያው ስም «ካት ፒፕል» ነበር። ሉተን ርዕሱን ሲሰማ ደስ አላለውም። ነገር ግን በዚያ ውል ውስጥ አንድ የተከፈተ በር አየ፦ ርዕሱና ወጪው እስከተጠበቁ ድረስ ከውስጥ ያለውን ታሪክ ማንም አጥብቆ የሚቆጣጠረው አልነበረም። ከሴልዝኒክ ጋር በቆየባቸው ዓመታት በትልቅ ገንዘብ ውስጥ ስንት እጅ እንደሚገባ አይቷል። እዚህ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ እጁም የሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያደረገው ሰው መሰብሰብ ነበር። ለዳይሬክተርነት ቱርነርን አስመጣ። ለስክሪፕት ከሴልዝኒክ ቤት የሚያውቀውን ዴዊት ቦዲንን ወሰደ። ማርክ ሮብሰን ዌልስ ሲለቅ ተንሳፍፎ የቀረ ኤዲተር ነበር፤ ከዌልስ ጋር ሠርቷልና ቢሮው በጥሩ ዓይን አያየውም ነበር። ካሜራው በኒኮላስ ሙሱራካ እጅ ሆነ፤ በአንድና በሁለት መብራት ክፍልን በጥላ መሙላት የሚያውቅ ሰው። ለሙዚቃ ሮይ ዌብ ተመደበ። ሉተን እነዚህን ሰዎች ቢሮው ውስጥ ሰብስቦ እስከ ሌሊት ድረስ ሻይ እያጠጣ ታሪኩን ትዕይንት በትዕይንት ያወራቸዋል። የስክሪፕቱን የመጨረሻ ቅጂ ሁልጊዜ ራሱ ይጽፈዋል፤ ስሙን ግን አያስገባም። በሁለት ፊልሞች ላይ ብቻ ጽሕፈቱን ያመነ ሲሆን ያኔም «ካርሎስ ኪት» በሚል የብዕር ስም ነው።

ድህነቱን እንዴት እንደተጠቀሙበት ማየት ያስደንቃል። በጦርነቱ ምክንያት መንግሥት አንድ ፊልም ለአዲስ የዲኮር ቁሳቁስ ከ5,000 ዶላር በላይ እንዳያወጣ ከልክሎ ነበር። የሉተን ሰዎች ወደ ስቱዲዮው ጓሮ ሄዱ። ዌልስ ለ«አምበርሰንስ» በብዙ ገንዘብ ያሠራው ትልቅ የእንጨት ደረጃ እዚያው ቆሟል። በ«ካት ፒፕል» ጀግናዋ ኢሬና የምትኖርበት ቤት ደረጃ ያ ነው። አር ኬ ኦን ያከሰረው ፊልም ዕቃ ገንዘብ ለሚያስገባው ፊልም ዋለ። ከዚያም በኋላ የ1939ኙ «ዘ ሀንችባክ ኦቭ ኖትር ዳም» የፓሪስ መንገዶች ኤደንብራ ሆኑ፤ የሌላ ፊልም መርከብ የነሱ መርከብ ሆነ።

የኢሬና ታሪክ ቀላል ነው። ከሰርቢያ የመጣች ሠዓሊ ናት። በመንደሯ ሲወራ እንደ ሰማችው ከዘሯ የሆነች ሴት ፍቅር ወይም ቅናት ሲይዛት ወደ ግስላ ትለወጣለች። አሜሪካዊ ባሏን ለመሳም ትፈራለች። ባሏ አያምናትም፤ ሐኪሙም አያምናትም። ፊልሙ እስኪገባደድ ድረስ ተመልካቹ እውነት ትለወጣለች ወይስ ሐሳቧ ነው እያለ ይከራከራል። የዩኒቨርሳሉ ሰው ወደ ተኩላ ሲለወጥ ጸጉር እየተለጠፈበት በካሜራ ፊት ነው። ሉተን ይህን አልፈለገም፤ ቢፈልግም ገንዘብ የለውም። እሱ የተረዳው አንድ ነገር ነበር፦ ጨለማው በቂ ከሆነ ተመልካቹ የራሱን አውሬ በራሱ አእምሮ ይሠራል። በልጅነቱ ከውጭ የጅብ ድምፅ ሰምቶ ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ የሳበ ሰው ይህ ማስረዳት አያሻውም። ያላየነው ጅብ ከጎጆው ይበልጣል።

ቢሮው ግን አልገባውም። የመጀመሪያ ቀናት ቀረጻ ታይቶ ቱርነር እንዲባረር አንድ ተቆጣጣሪ አዘዘ፤ ሉተን ከርነር ዘንድ ደርሶ አስቀረለት። ከዚያ ደግሞ ግስላው ይታይ የሚል ትእዛዝ መጣ። ቱርነር እንቢ አላለም። በሥዕል ቤቱ ትዕይንት እውነተኛ ግስላ አስገብቶ ከጠረጴዛዎቹ ሥር በጥላ ውስጥ አስኬደው፤ ያየው አየው፣ ያላየው አላየም። በመዋኛ ገንዳው ትዕይንት ደግሞ ምንም አላሳየም። አንዲት ሴት ውኃ ውስጥ ብቻዋን ናት፤ በጣሪያውና በግድግዳው ላይ የውኃው ነጸብራቅ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ነገር በገንዳው ዙሪያ ይዞራል፤ የሚሰማው ማጉረምረም ብቻ ነው። በሰባ ሦስት ደቂቃ ፊልም ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የፍርሃት ደቂቃ የለም።

ፊልሙ አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ ተቀርጾ በታኅሣሥ 1942 ወጣና ከወጪው በብዙ እጥፍ አስገባ። ስቱዲዮውን ከውድቀት ያዳነ አንድ እሱ ነው የሚሉ አሉ። ያ ማጋነን ነው፤ አር ኬ ኦን ያነሡት የጦርነቱ ዘመን ተመልካቾች ናቸው። ለሉተን ያስገኘለት ነገር ግን ትልቅ ነው፦ ለጊዜው የሚነካው ጠፋ።

ሁለተኛው ርዕስ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፦ «አይ ዎክድ ዊዝ ኤ ዞምቢ»፣ «ከዞምቢ ጋር ተራመድኩ»። ከጋዜጣ መጽሔት ላይ የተወሰደ ስም ነው። ሉተን ለሁለት ቀን ያህል አዝኖ ተቀመጠና በሦስተኛው የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» ወደ ካሪቢያን ደሴት እንደሚወስዳት ለባልደረቦቹ ነገራቸው ይባላል። የሆነውም ይኸው ነው። አንዲት ካናዳዊት ነርስ በስኳር እርሻ ባለቤት ቤት የምትኖር፣ የምትራመድ ግን የማትናገር ሚስት ለማስታመም ትሄዳለች። ነርሷ ከወደብ ስትመጣ ባለ ጋሪው ጥቁር ሰው አያቶቹ በትልቅ መርከብ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው እንደ መጡ ይነግራታል። እሷ ወደ ውብ ቦታ መጡ እኮ ትለዋለች። እሱም አንቺ ካልሽ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይተዋታል። በ1943 ሆሊውድ ጥቁር ተዋናይን የሚፈልገው ለሳቅ ነበር። በዚህ ርካሽ ፊልም ውስጥ ግን ባርነት እንደ ቁስል ይነካል፤ የትሪኒዳዱ የካሊፕሶ ዘፋኝ ሰር ላንስሎት የጌቶቹን ጉድ በዘፈን ያወጣል፤ የደሴቲቱ ሰዎች ከጌቶቹ የተሻለ ነገር ያውቃሉ። ይህን ማንም አላዘዘም። በርዕሱ ላይም አልነበረም።

በሦስተኛው፣ «ዘ ሌፐርድ ማን»፣ አንዲት እናት ልጇን በማታ ዱቄት እንድትገዛ ትልካለች። ልጅቷ ያመለጠ ነብር አለ ብላ ትፈራለች፤ እናት ገፍታ ታስወጣትና በሩን ትቀረቅራለች። ተመልሳ በሩን ስትደበድብ እናት ለማስተማሪያ ትንሽ ታቆያታለች። ከዚያ ጩኸት፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ በበሩ ሥር ቀስ ብሎ የሚገባ ደም። ካሜራው ከቤት አይወጣም። ከዚህ በኋላ ቢሮው ቱርነርን ወደ ትልልቅ ፊልሞች ወሰደው።

ሉተንም ራሱ የኤ ፊልም እንዲሠራ ተጠይቆ ነበር። ዳይሬክተሩ ማርክ ሮብሰን ይሁን አለ። ሮብሰን አንድም ፊልም ዳይሬክት አላደረገም ተብሎ ሲከለከል፣ ሉተን ሰውዬውን ከሚተው ትልቁን ገንዘብ ተወ። ሮብሰን የመጀመሪያ ፊልሙን «ዘ ሴቨንዝ ቪክቲም» በዚያው በትንሹ ገንዘብ ሠራ። ታናሽ እኅት የጠፋች ታላቋን ፍለጋ በኒውዮርክ ትዞራለች፤ የምትደርሰው ዲያብሎስን የሚያመልኩ ጨዋ መሳይ ሰዎች ዘንድ ነው። ታናሿን የተጫወተችው ኪም ሃንተር ያ የመጀመሪያ ፊልሟ ነበር፤ በኋላ የኦስካር ተሸላሚ ሆነች። ከሉተን ሥራዎች ሁሉ በጣም ጨለማው ይህ ነው፤ መጨረሻው ላይ ምንም ማጽናኛ አይሰጥም።

በ1943 ገና ዋዜማ የተከፈተው «ዘ ጎስት ሺፕ» ግን ክፉ ዕጣ ገጠመው። ሁለት ጸሐፊዎች ታሪኩ የኛ ነው ብለው ከሰሱ። ሉተን ጥፋት የለብኝም ብሎ በድርድር አልጨርስም አለ፤ ተረታ። ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶች ተነሥቶ ለሃምሳ ዓመት ገደማ ከሕዝብ ተሰወረ።

ቢሮው የ«ካት ፒፕል» ተከታይ ይሠራ ባለ ጊዜ ርዕሱ «ዘ ከርስ ኦቭ ዘ ካት ፒፕል»፣ «የድመት ሰዎች እርግማን» እንዲሆን ወሰነ። ሉተን «ኤሚና ወዳጇ» ሊለው ፈልጎ ነበር። ርዕሱ እርግማን የሚል ፊልም ውስጥ እርግማን የለም፤ ድመትም የለም ማለት ይቻላል። ያለችው ብቸኛ ሕፃን ናት። ሌሎች ልጆች አያጫውቷትም፤ አባቷ ተረት ማውራቷን ይቆጣል፤ እሷም በሐሳቧ አንዲት ወዳጅ ትፈጥራለች፤ ያች ወዳጅ የሞተችው ኢሬና ናት። ልጅቷ የልደት ጥሪ ወረቀቶቿን በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ትከታለች፤ አባቷ አንድ ጊዜ ይህ የምኞት ፖስታ ሣጥን ነው ብሏት ነበርና። ወረቀቱ ለማንም አይደርስም፤ ማንም አይመጣም። ሉተን ይህን ከገዛ ልጅነቱ ነው ያመጣው። ለዚህ ጸሐፊ ከ11ዱ ፊልሞች ልብ የሚነካው ይህ ነው። ጄምስ ኤጂን የመሰለ ጥንቁቅ ሐያሲም ወዶታል። ፊልሙን የጀመረው ጉንተር ፎን ፍሪች ከቀጠሮው ወደ ኋላ ስለቀረ ቦታው ለአንድ ሌላ የዌልስ ኤዲተር ተሰጠ። እሱም ሮበርት ዋይዝ ይባላል፤ ዳይሬክተርነትን የጀመረው በዚህ ነው።

ሉተን ከፍርሃት ለመውጣት ሞክሮ ነበር። በ1944 ከሞፓሳን ታሪኮች «ማድሞዋዜል ፊፊ»ን፣ ስለ ጦርነቱ ዘመን ወጣቶች ደግሞ «ዩዝ ረንስ ዋይልድ»ን ሠራ። ሁለተኛውን ስቱዲዮው ቆራርጦ አበላሸበት፤ ሁለቱም አልሆኑለትም።

ቀጥሎ የተሰጠው ርዕስ ሳይሆን ሰው ነበር። ቦሪስ ካርሎፍ በዩኒቨርሳል የፍራንከንስታይንን ጭራቅ ተጫውቶ ታዋቂ የሆነ፣ በዚያም ሚና የሰለቸ ተዋናይ ነው። ሉተን መጀመሪያ ሲነግሩት አልፈለገውም፤ የጭራቅ ፊልም ሊያሠሩኝ ነው ብሎ ሠጋ። ተገናኝተው ሲነጋገሩ ግን ተወዳጁ። ለካርሎፍ ጭምብል አላጠለቀለትም፤ ሰው ሰጠው። ከስቲቨንሰን ታሪክ በተወሰደው «ዘ ቦዲ ስናቸር» (1945) ካርሎፍ የሚጫወተው ለሕክምና ትምህርት ቤት አስከሬን የሚሸጥ ባለ ጋሪ ነው። በዚህ ፊልም ከሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት እንደገና በድምፅ የተሠራ ነው፦ አንዲት የመንገድ ዘፋኝ እየዘፈነች ወደ ጨለማ ትገባለች፣ ጋሪው ይከተላታል፣ ሁለቱም ይሰወራሉ፤ ባዶው መንገድ ላይ ዘፈኑ ብቻ ይቀጥላል፤ ከዚያ በመካከሉ ይቆረጣል። ካርሎፍ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ስላስፈለገው ተቋርጦ የነበረው «አይል ኦቭ ዘ ዴድ» በዚያው ዓመት ተከተለ። ካርሎፍ በኋላ ሲናገር ነፍሱን የመለሰለት ሉተን መሆኑን መስክሯል።

የመጨረሻው «ቤድላም» ነው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ለንደን ስለነበረው የአእምሮ ሕሙማን ቤት፣ ከዊልያም ሆጋርት ሥዕል የተነሣ። ወጪው ከመጀመሪያው ፊልም ከእጥፍ በላይ ነበር፤ ገቢው ግን አልመለሰውም። በየካቲት 1946 ከርነር ሞተ። ጦርነቱም አብቅቶ ነበርና ሰው ፍርሃት መሻቱን ተወ። ሉተንን የሚጠብቅለት ሰው አልቀረም፤ ከአር ኬ ኦ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭርና የሚያሳዝን ነው። ፓራማውንት ሄዶ አንድ ፊልም፣ ኤም ጂ ኤም ሄዶ አንድ ፊልም ሠራ፤ ሁለቱም የኤ ፊልሞች ነበሩ፤ ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። ብዙ ገንዘብ ሲመጣ ብዙ አለቃ መጣ፤ ስብሰባው በዛ፤ ሰውየው የሚያውቀውን ሥራ መሥራት አቃተው። ልቡም መታመም ጀመረ። ከዋይዝና ከሮብሰን ጋር ኩባንያ ሊያቋቁሙ ተነጋግረው ነበር፤ ሁለቱ ግን ያለ እሱ ቀጠሉ። ለሮብሰን ብሎ ትልቁን ገንዘብ የተወ ሰው ነውና ይህ ሳይጎዳው አልቀረም። በዩኒቨርሳል በቀለም የሠራው ካውቦይ ፊልም «አፓቺ ድረምስ» የመጨረሻው ሆነ። እዚያም ዘዴውን አልረሳም፦ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተከበቡ ሰዎች ጠላታቸውን አያዩም፤ የሚሰሙት ከበሮ ብቻ ነው፤ ከበሮው ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።

መጋቢት 14 ቀን 1951 ቫል ሉተን በልብ ሕመም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 46 ነበር። «አፓቺ ድረምስ» ሲኒማ ቤት ሲገባ አላየውም።

ያሳደጋቸው ሰዎች ሩቅ ሄዱ። ቱርነርና ሙሱራካ በ1947 «አውት ኦቭ ዘ ፓስት»ን ሠሩ፤ በጥላ ከተሠሩ የወንጀል ፊልሞች ሁሉ ከላይ ከሚቀመጡት አንዱ ነው። ሮብሰን «ፔይተን ፕሌስ»ን ሠርቶ ለኦስካር ታጨ። ዋይዝ በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ና በ«ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚውዚክ» የዳይሬክተር ኦስካር ሁለት ጊዜ ወሰደ። በ1952 በወጣው «ዘ ባድ ኤንድ ዘ ቢውቲፉል» ውስጥ የድመት ሰዎች ፊልም እንዲሠራ የታዘዘና መብራቱን አጥፍቶ በጨለማ የሚያስፈራ ፕሮዲዩሰር አለ፤ ከየት እንደመጣ ሆሊውድ ያውቃል። በ1993 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ካት ፒፕል»ን ለትውልድ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ አስገባው።

ፊልሙን ለማግኘት አያስቸግርም፤ 73 ደቂቃ ብቻ ነው። አንባቢ አንድ ምሽት ጊዜ ካገኘህ መብራቱን አጥፍተህ፣ ድምፁን ከፍ አድርገህ ተመልከተው። የግንቡ ትዕይንት ላይ ስትደርስ ዓይንህን ተወውና ኮቴውን አድምጥ።